መስታወት የማይገባበት ቤት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ። ትምህርት ቤትም ብዙ አልከረምኩ።

እህቴ መስታወት ቆራጩን ያወቀችው ፀጉሯን ስታስተካክል ነው። ሰውዬው ትልቅ የቁም ሳጥን መስታወት ታቅፎ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሰውዬው ራሱ ከመስታወቱ ጀርባ ጭራሽ አይታይም። እሷ ደግሞ መስታወት ካየች እግሯ አይንቀሳቀስም። ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ጥርሷን አየች፣ ከንፈሯን ላሰች...

«አልጨረስሽም እንዴ? ክንዴ ሊገነጠል ነው!» አለ መስታወቱ።

እህቴ ጮኸች። እኔ በሳቅ መንገዱ ላይ ተዘረጋሁ። እሱም በጠርዙ በኩል ብቅ ብሎ አያት... ክንዱን ረሳው።

«ቤታችሁ መስታወት የለም?»

«የለም» አለችው።

ቀልድ መሰለው። ቀልድ አልነበረም! እኛ ቤት መስታወት የሚባል ነገር አይገባም። መስኮቶቻችን ኮምፔርሳቶ ተመትቶባቸዋል፤ በጠራራ ፀሐይ መብራት እናበራለን። ውሃ የምንጠጣው በፕላስቲክ ነው። እኔ ብጉሬን የማየው በስልክ ነው። ለምን ስንል «አባታችሁ አይወድም» እንባላለን፤ አለቀ። አባዬ በልጅነቱ ጦርነት እንዳየ እናውቃለን፤ ምን እንዳየ ግን ተንፍሶ አያውቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ብርጭቆ ይዤ ብገባ ነጥቆኝ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ስድስት ዓመቴ ነበር!

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሱ ሱቅ ከእሷ ሁለት በር አልፎ ነው። ስምንት ወር ተዋደዱ።

«ስለ ቤታችን ንገሪው» እላታለሁ።

«አፍሬ ነው... ምን ብዬ ልጀምር?»

አልነገረችውም። ጥፋቷ ይቺ ናት።

አንድ እሑድ ከቤተሰብ ልተዋወቅ ብሎ መጣ። በእጁ ምን ቢይዝ ጥሩ ነው? ጠርዙን ራሱ የቀረጸው መስታወት! ሁለት ሳምንት እንደለፋበት በኋላ ሰማሁ።

የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። መስታወቱን ተቀበለው። አልሰበረውም። በፎጣ ጠቀለለው፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞት ወጣ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን አስቀምጦት ተመለሰ።

«ሂድ!» አለው።

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ሂድ አልኩህ!» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። «ከእሱ ጋር ከሄድሽ አባት የለኝም በይ።»

መስታወት ቆራጩ እህቴን አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። እሱ ጠባሳ የሞሉትን ጣቶቹን ተመለከተ።

«የናቃችሁት ይሄን እጅ ነው አይደል? በቃ... ገባኝ።»

ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሳም። እሷ እየሰፋች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትሰፋለች። አባዬ እራቱን ይበላል! ደሜ ፈላ። ሳህን የምታጥበውን እማዬን ሄጄ ያዝኳት።

«ትነግሪኛለሽ ወይስ ኮምፔርሳቶውን በመዶሻ ላውርደው?»

ሳህኑን አስቀመጠች።

«ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቦምቡ የወደቀው ጎረቤት ነው። መስኮቱ ግን በሙሉ እናቱ ላይ ተበተነ። ሐኪም እስኪመጣ በጣቱ ከፊቷ ላይ ስብርባሪ ሲለቅም ዋለ።»

«ከዚያስ?»

«ሐኪም አልመጣም።»

አለቀስኩ። ከዚያ የባሰ ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው። በቀጥታ አባዬ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ለአያቴ አዝናለሁ፣ አባዬ። ቦምቡን የጣልነው ግን እኛ አይደለንም!»

እጁን አነሳ። አልመታኝም።

«አንቺ ምላሳም...» ብሎ ተወው።

ወደ ሱቁ በረርኩ። መስታወት ቆራጩ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ቢያዞርም ባያዞርም እማዬ ያለችኝን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«አፍራ ነዋ፣ አንተ ደደብ!»

በማግስቱ ከሰዓት ደጃችን ላይ ድምፁን ሰማን። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መስታወትና መዶሻ ይዟል። እህቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«አልገባም፣ አባባ» አለ፤ መስታወቱን ግንቡ ላይ አስደገፈው። «ይቺን ብቻ ይምቱልኝ። ሁለት መስታወት ነው፤ መሃሉ ላይ ስስ ላስቲክ ተጣብቋል። ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። እኔ ብምልልዎት አያምኑኝም። ራስዎ ይምቱት።»

አባዬ መዶሻውን ተቀበለው።

«መጀመሪያ ልጆቹ ይግቡ» አለ።

ገባን፤ እኔ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አያለሁ። መታው። ጧ! መስታወቱ የሸረሪት ድር መሰለ። ደገመው። ሠለሰው። እየመታ «ለምን! ለምን!» ይላል፤ ማንን እንደሚጠይቅ እንጃ። ከዚያ ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ መዳበስ ጀመረ፤ ስብርባሪ ፍለጋ። መስታወት ቆራጩም ጎኑ ተንበርክኮ አብሮት ዳበሰ።

«የለም» አለ አባዬ። «አንድም የለም...»

እህቴ ወጥታ ከሁለቱ መሃል ቁጭ አለች። ግቢ ያላት የለም።

«እጅህን አልናቅኩም» አለችው። «የፈራሁት ብነግርህ ትሸሻለህ ብዬ ነው።»

«ሸሽቼም መጣሁ አይደል?»

አባዬ መዶሻውን መልሶ ሰጠው።

«ይቺስ ያንተው ናት፤ የእህቷን ምላስ እንዳትለምድ ብቻ ጠብቃት» አለ፤ እኔ ወደማጮልቅበት በር እያየ።

ከዚያ ቀን በሁለተኛው ወር ተጋቡ። መስታወት ቆራጩ ለሰርጉ የሳሎናችንን መስኮት ገጠመልን፤ እንደዚያኛው ባለ ላስቲክ። ፀሐይ ሲገባ ከስንት አቧራ ጋር እንደኖርን አየን!

አባዬ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀንም። እኔም እንደተናደድኩ ነኝ። ትናንት ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ አገኘሁት።

«ምን ታያለህ?»

«እህትሽ ልትመጣ አይደል?»

«አባዬ፣ እኛን እንደጎዳኸን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ።

ይበቃሻል ትሉኝ ይሆናል። አይበቃኝም! ግን አልሄድኩም፤ ጎኑ ቆሜ መንገዱን አብሬው አየሁ።