የዓርብ ልምጭ

«እሜቴ አለቃ፣ ያንን ደብተራ ዝም አሰኚልና!» አለ ዘነበ ከመካከለኛው ረድፍ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዲንቄ ጠመኔዋን እንደያዘች ሰሌዳው አጠገብ ደርቃ ቀረች። ኃይለ መስቀል ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የጂኦግራፊ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ በሚጎተት ዜማ ያነባል። «አባይ... ከጣና ሐይቅ... ይነሣና...» ሳቁንም፣ ዘነበንም፣ አለቃዋንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏቸዋል።

«ኃይለ መስቀል! በልብህ አንብብ!»

ድምፁ ዝቅ አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሳይታወቀው እንደገና ከፍ አለና ሳቁም አብሮት ተመለሰ። በዚያ ላይ የመጽሐፍ ሽሚያው አለ። በአንድ ወንበር ላይ ለተጨናነቁት ሁሉ የሚደርሳቸው አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ፣ ዳር ያለው ወደ ራሱ ይስባል፣ መካከል ያለው ይጮኻል፣ ማየት ያቃተው ደግሞ ጎረቤቱን መቆንጠጥ ይጀምራል።

ዲንቄ ዞረችና «የረባሾች ስም» ከሚለው ሥር «ኃይለ መስቀል» ብላ ጻፈች። ሳምንቱን ሙሉ የጻፈችው የእሱን ስም ነው።

ዘመኑ 1957 ዓ.ም. ነበር። የካ ዳገት ሥር ባለው በዚያ ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ታመው በመቅረታቸው፣ መምህር በላይነህ አራተኛንም አምስተኛንም ብቻቸውን ይዘዋል። እሳቸው ከጣውላው ግድግዳ ማዶ ሲሆኑ አምስተኛን የሚጠብቀው የክፍሉ አለቃ ነው። የቀድሞው አለቃ አዱኛ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ስለነበር በኩርኩም ነበር የሚገዛቸው፤ ዓይኑ ባለበት በኩል ጭጭ ይላሉ፣ ጀርባውን ሲሰጣቸው ይተራመሳሉ። እሱ ፖሊስ ሊሆን ትምህርቱን ሲተው፣ መምህሩ ማንም ሳይጠብቅ ጣታቸውን ወደ ዲንቄ ቀሰሩ። ሴት አለቃ! «ሴት ልጅ ይህን ያህል ከተማረች አይበቃትም ወይ?» እያሉ የከረሙት አባቷ አቶ ኢዶሳ እንኳ ወሬውን ካራ ገበያ ድረስ ወስደው ለሰው ሁሉ አወሩት። ከዚያ ወዲህ ስለማቆም አንስተው አያውቁም። ስለዚህ ዲንቄ አለቅነቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች።

አለቃ ሁለት ሥራ አለው። ረባሽ ይጽፋል፤ ዓርብ ከትምህርት መልስ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት መግረፊያ የሚሆን ልምጭ ቆርጦ ሰኞ ያስረክባል።

መምህር በላይነህ ጠመኔ ያነጣውን ኮታቸውን እያራገፉ ገቡና ሰሌዳውን አዩ። ኃይለ መስቀል ሳይጠራ ብድግ ብሎ መጥቶ እጁን ዘረጋ። ሲመታ አላለቀሰም፣ አልተከራከረም። ዝምታው መምህሩን ይብስ አናደዳቸው።

«ይሄ ንቀት ነው! ነገም ስምህን እዚህ ካየሁት ለዳይሬክተሩ ነው የማስረክብህ። ወደ መጣህበት ትመለሳለህ።» ከዚያ ወደ ዲንቄ ዞሩ። «አንቺም አይተሽ እንዳላየሽ ካለፍሽው አለቅነቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ከሰዓት በኋላ ሲለቀቁ ዲንቄ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ደረሰችበት። ኃይለ መስቀል የተመታ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

«አንተ ልጅ፣ መባረር ነው የምትፈልገው?» አለችው። ልታጽናናው ነበር ያሰበችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ቁጣ ሆነ።

«ማን መባረር ይፈልጋል?»

«ታዲያ ምናለ በልብህ ብታነብ? ሌላው ሁሉ ይችል የለ?»

እጁን አውጥቶ በቁምጣው ጠረገ። «ሞክሬያለሁ እኮ። በልቤ ሳነብ ዓይኔ ብቻ ነው የሚሄደው፤ እኔ እዚያው ነኝ። እንጦጦ ራጉኤል ያስተማሩኝ የኔታ ዓይናቸው አያይም። ሁላችንም የየራሳችንን እንጮሃለን፤ አንዱ ፊደል፣ አንዱ ዳዊት። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የማን ድምፅ እንደጠፋ ያውቃሉ። ‹አንተ ኃይለ መስቀል፣ ተኛህ እንዴ?› ይሉሃል። እዚያ የሚገረፈው ዝም ያለው ነው።»

«ይሄንን ለመምህር አትነግራቸውም?»

«ለአስተማሪ መልስ ይሰጣል እንዴ?» አለ፣ ጥያቄዋ አስደንግጦት።

ሳምንቱን ሙሉ ስታስገርፈው የኖረችው ሲያጠና ነው ማለት ነው። ከክፍሉ ሁሉ ትምህርቱን ይዞ የተቀመጠው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች።

ዳገቱን ስትወጣ የአንደኛ ክፍል ነገሯ ትዝ አላት። ያኔ አማርኛ ገና አልገባትም ነበር። አስተማሪው ያሉትን በኦሮምኛ ጎረቤቷን በጠየቀች ቁጥር «ወሬኛ» ተብላ ስሟ ሰሌዳ ላይ ይወጣ ነበር። ምን እንደምታወራ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

በማግስቱ ዓርብ፣ መምህር በላይነህ «ጂኦግራፊያችሁን አጥኑ» ብለው ወደ አራተኛ ክፍል ተሻገሩ። በሩ ከመዘጋቱ ሽሚያው ተጀመረ። ዲንቄ ወደ ኋላ ወንበር አየች። ኃይለ መስቀል ከንፈሩን ነክሶ መጽሐፉ ላይ አፍጥጧል። ግንባሩ አልቦታል። አይወዛወዝም፣ አያነብም። ገጹንም አልገለጠም።

ጠመኔውን አስቀመጠችው።

«ኃይለ መስቀል፣ ና ወደ ፊት!»

መጣና እጁን ዘረጋ።

«እጅህን አይደለም። መጽሐፍህን ይዘህ ና። ለሁላችንም ታነብልናለህ፤ ጮክ ብለህ።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ኃይለ መስቀል ያሾፈችበት መስሎት አያት፤ ከዚያ ተመልሶ መጽሐፉን አመጣና ጀመረ። ያው የሚጎተተው ዜማ ነው። ዘነበ አፍንጫውን ይዞ ተከትሎት አዜመ፤ ሳቁ ፈነዳ። መምህሩ አሁን ቢገቡ ሁሉም ነገር አከተመ።

«ዘነበ! አንተ ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ጋ ቁም። እሱ የሚጠራውን ቦታ በጣትህ አሳየን።»

«ይሄማ ለአራዳ ቀላል ነው» አለ ዘነበ፣ ደረቱን ነፍቶ እየወጣ።

ቀላል አልሆነለትም። ጣና ሲባል ጣቱ ከቀይ ባሕር ላይ አረፈ። አሁን የተሳቀው በእሱ ነው። «ወደ ግራ! ወደ ግራ በል!» ብለው ጮኹበት። ዘነበ ጆሮው ቀላ፤ «ቆይ፣ እስቲ ድገምልኝ» አለ ቀስ ብሎ። ኃይለ መስቀል ደገመለት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ የሚጮኽም የሚሻማም አልነበረም። ድምፁ የኋለኛው ግድግዳ ድረስ ስለሚሰማ መጽሐፉን ማየት የሚያስፈልገው ሰው የለም። ከጣውላው ማዶም፣ ዲንቄ ልብ አላለችውም እንጂ፣ ጸጥ ብሏል።

በሩ ብርግድ አለ። መምህር በላይነህ ልምጫቸውን ይዘው ቆመዋል።

ኃይለ መስቀል መጽሐፉን አጠፈና እጁን ዘረጋ።

«ድምፁ እዚያ ድረስ ይሰማል! ምንድን ነው ይሄ?»

ዲንቄ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ መምህር፣ አንብብ ያልኩት። እሱ ጮክ ካላለ አይገባውም። እንጦጦ የተማረው እንደዚያ ነው።»

«የረባሽ ስምስ የታለ?»

ሰሌዳው ላይ ከርእሱ በቀር ምንም የለም። ዲንቄ አባቷን አሰበች፤ ካራ ገበያ ላይ ያወሩትን ወሬ ተመልሰው እንዴት እንደሚያስተባብሉት አሰበች። ከዚያ ጠመኔውን አነሳችና ከርእሱ ሥር «ዲንቄ ኢዶሳ» ብላ ጻፈች።

መምህሩ ስሙን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው በእግሩ ጣት ቆሞ ካርታው ላይ የተንጠራራው ዘነበ ላይ አረፈ።

«አንተ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ሜዲትራንያንን ልነካ ነበር፣ መምህር። አልደርስ አለኝ።»

«ከየት ተነስተህ ነው እዚያ የደረስከው? እስቲ አሳየኝ።»

ዘነበ ምራቁን ዋጠ። ጣና ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ሱዳን ወረደ፤ ካርቱም ላይ «እዚህ ከነጭ አባይ ጋር ይገናኛል» አለ፤ ግብፅን አቋረጠ። ወደ ባሕሩ ሲደርስ ዘለለ፤ አሁንም አልደረሰም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ መልሶ የማያውቅ ልጅ ነው።

መምህር በላይነህ ልምጩን ብብታቸው ሥር አደረጉት። ፊታቸው ላይ የቀረው ድካም ብቻ ነበር።

«አራተኛዎቹን ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነው ያገኘኋቸው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ኃይለ መስቀልን አዩት። «እጅህን ሰብስብ። ቀጥል።» በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። «የአንቺን ጉዳይ ሰኞ እንነጋገራለን። ልምጩን እንዳትረሺ።»

ከሰዓት በኋላ ዲንቄ የአባቷን ማጭድ ይዛ ከቤታቸው በላይ ወዳለው ቁጥቋጦ ወጣች። ክትክታው እንደልብ ነው። አንዱን ቀንበጥ ጎንበስ አድርጋ ለቀቀችው፤ አየሩን ሰንጥቆ አፏጨ። አዱኛ ሁልጊዜ የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ነበር። ዲንቄ አልቆረጠችውም። አልፋው ወደ ባሕር ዛፉ ሄደች፤ ቀጥ ያለ፣ ከእሷ ቁመት ጥቂት የሚያንስ እንጨት መርጣ ቆረጠች። ሽቅብ አንስታ በዓይኗ ለካችው። ዘነበ ቢይዘው ይደርሳል፤ ከጣና እስከ ባሕሩ ድረስ።

ቤት ደርሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቅርፊቱን ስትልጥ አባቷ ከማሳ ተመለሱ። እንጨቱን ተቀብለው ሊያጎብጡት ሞከሩ፤ አልጎብጥ አላቸው።

«ይሄማ ለመግረፊያ አይሆንም» አሏት በኦሮምኛ።

«አውቃለሁ፣ አባ» አለችና መልሳ ተቀብላቸው ቅርፊቱን መላጥ ቀጠለች።