ትንፋሽዎን ይያዙ

ክፍላችን ውስጥ የአዲሱ ሐኪም ስም እንቁላል ነበር። ሥራ በጀመረበት ቀን፣ መርፌውን ቶሎ እንዲያስገባ ስወተውተው፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። በማግስቱ ነርሶቹ ሁሉ በዚያው ጠሩት። አልተቀየመም፤ ይሄም አናደደኝ።

እኔ የምስል ሐኪም ነኝ። መንገዱን በአልትራሳውንድ አሳያለሁ፣ እሱ መርፌውን ይሰዳል። ከመጣ ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ከረምን።

ከዚያ ያሳደገኝ አጎቴ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መጣ። የሐሞት ቱቦው ጉበቱ ደጃፍ ላይ ተዘግቷል። መውጫ ያጣው ሐሞት ደሙ ውስጥ እየገባ ቆዳውን እስኪደማ ያሳክከዋል፤ ትኩሳትም ጀምሮታል። አቅሙ ቀዶ ጥገና አይችልም። የቀረው በቆዳው በኩል በመርፌ ገብቶ ሐሞቱን በቀጭን ቱቦ ማፍሰስ ነው።

«አሁኑኑ እንግባ» አልኩት እንቁላልን። «በቀኝ በኩል የሰፋ ቱቦ ታይቶኛል።»

«የትኩሳቱን መድኃኒት ጀምሯል። መጀመሪያ ኤም አር አይ ይነሳ።»

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ» አለ። «የፈራሁት አጎትሽን ሁለት ጊዜ መውጋት ነው።»

የኤም አር አይ ማዘዣውን ጻፍኩ። መሸነፍ አልለመድኩም።

ከሰዓት በኋላ ምስሉ ሲመጣ አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቱቦዎቹ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ይመስላሉ። እኔ የተሟገትኩለት የቀኙ ቅርንጫፍ በየቦታው ተዘግቶ ተቆራርጧል፤ አንዱን ብናፈስ ሌሎቹ እንደተዘጉ ይቀራሉ። የግራው ግን ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ጉበቱም በዚያ በኩል ደህና ነው።

«ከግራ» አልን፣ እኩል።

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኔን ከዓይኑ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁም።

«አጎትሽ ስለሆነ ከከበደሽ ሌላ ሰው ያሳየኝ» አለኝ ጓንት ስናጠልቅ። ቀድሜው አጥልቄ ጨረስኩ።

አጎቴ ከጠረጴዛው ላይ ቀና ብሎ መረመረው። «እንቁላሉ ይሄ ነው? ቤት ውስጥ ስታሚው የምትውዪው?»

«አጎቴ፣ ዝም በል።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። እንቁላል አልዋጠም። ማደንዘዣውን ወጋ፤ እኔ የአልትራሳውንዱን መፈተሻ ከአጎቴ ደረት አጥንት ሥር ያዝኩ። መርፌው ከጣቴ አጠገብ ቆመ። ትከሻችን ተነካካ።

«አባቴ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አለው እንቁላል።

አጎቴ ያዘ። እኔም ያዝኩ። እሱም ያዘ። መርፌው ስክሪኑ ላይ እንደ ብር ክር ገሰገሰ፣ ቱቦው ውስጥ ገባ፤ ሐሞቱ ጠብ አለ፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። ከዚያ የበለጠ ቆንጆ ቀለም አይቼ አላውቅም። ቀና ስል እሱም ቀና ብሏል። ከጭምብሉ በላይ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው፤ በቂ ነበር።

«ልጆች» አለ አጎቴ በታፈነ ድምፅ፣ «ልተንፍስ ወይስ ተያይታችሁ እስክትጨርሱ ልጠብቅ?»

ሳምንቱ ሳያልቅ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ማሳከኩም ተወው፤ ዓይኑ መንጣት ጀመረ። እንቁላል በየጠዋቱ የማፍሰሻ ቱቦውን ሊያይ ይመጣል፤ የነርሶች ሥራ ነው እኮ። አንድ ጠዋት ከአልጋው ማዶ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሐሞቱ የሚጠራቀምበትን ከረጢት አየ፣ እንደገና ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ግን መጀመሪያ...»

«ስማ፣ አንተ እስክትጠይቀኝ የአጎቴ ቱቦ መቀየሪያ ጊዜው ይደርሳል። መልሴ እሺ ነው።»

«ጥያቄውን ሳትሰሚ?»

«ምስሉን አይቼዋለሁ።»

በአልጋው ላይ እጁን ዘረጋልኝ፣ እንደ ልማዱ በዝግታ። እኔም እጄን ዘርግቼ መንገዱን አጋመስኩለት።

በመካከላችን አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ ተኝቷል።

«አሁንስ ልተንፍስ?» አለ።