ያልቆሸሸው ስፖንጅ

ኳሱ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ከእጇ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ።

ጉጉት በደረቷ ተኝታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደች። መጀመሪያ አቧራ አገኘች፣ ቀጥሎ ከጠፋ የከረመ ካልሲ፣ በመጨረሻ ኳሱን። ኳስ ይባል እንጂ ከአሮጌ ፍራሽ ተቆርጦ በመቀስ የተከረከመ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ስፖንጅ ነው።

«ጉጉት» የቤት ስሟ ነው። አባቷ ዓይኖቿ ትልልቅ ስለሆኑ ነው ይላል፤ እናቷ ደግሞ ጥያቄዋ ስለማያልቅ ነው ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት አንድ የክፍላቸው ልጅ ስልክ ላይ የምትሃት ቪዲዮ አሳይቷቸው ነበር። አንድ ሰው ኳስ ጨብጦ እፍ አለበትና እጁን ሲከፍት ኳሱ የለም። ሁሉም «እንዴ!» አሉ፣ ሳቁ፣ ደወል ሲደወል ረሱት። ጉጉት ግን አልረሳችውም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ ሳይገባት ቀርቶ እንቅልፍ የነሳት ነገር ብዙ ነው፣ እንዲህ የነሳት ግን የለም።

አሁን ዘዴውን ታውቃለች። ኳሱን በቀኝ እጇ ታሳያለች። ወደ ግራ እጇ ያቀበለች ትመስላለች፤ ኳሱ ግን ቀኝ መዳፏ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ግራ እጇን ትከፍታለች፤ ባዶ ነው። በዚያው ቅጽበት ጓደኛዋ ከጠረጴዛው ማዶ የተደፋ ኩባያ ታነሳለች፤ ኳሱ እዚያ ተቀምጧል። እርግጥ እሱ ሌላ ኳስ ነው። ጓደኛዋ ኩባያውን ባዶ መሆኑን አሳይታ ስትደፋው ሹልክ አድርጋ የምታስገባው። ተመልካቹ ግን አንድ ኳስ ብቻ ያለ ይመስለዋል።

ዘዴውን ማወቅ አንድ ነገር ነው። እጅ እሺ ማለቱ ሌላ።

ጓደኛዋን ክፍሉ በሙሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ጠዋት ከተከፈተች ማታ ነው የምትዘጋው። ሁለቱ በየደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አስምረዋል። በቀን ሃያ ጊዜ ይሠሩና ራይት ያደርጋሉ። ሰኞ ሰኞ ደብተር ያመሳክራሉ። እስካሁን የሁለቱም ገጽ በራይት የተሞላ ነው፤ አንድም ባዶ ሳጥን የለም። የወላጆች ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ሬዲዮም የትምህርት ቤቱን የኪነ ጥበብ ክበብ መምህር አሳምና ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብታቸዋለች።

ጉጉት አሥራ ሁለተኛውን ሞከረች። ወደቀ።

*

ማክሰኞና ሐሙስ እናቷ ከሥራ ስለምትዘገይ ጉጉት ከትምህርት ቤት ቀጥታ አክስቷ ጋ ትሄዳለች። አክስቷ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ክፍሏ ውስጥ ሙሉ ግድግዳ የሚያህል መስታወት፣ ተይዞ የሚኬድባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች፣ በልዩ ልዩ መጠን የተደረደሩ የጎማ ኳሶች አሉ። የዚያን ማክሰኞ አንድ አናጺ ነበሩ። ባለፈው ዓመት ደም ሥራቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ተዘግቶ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይታገሉ ነበር።

ጉጉት መስታወቱ ፊት ቆማ ልምምዷን ቀጠለች። ኳሱ ወድቆ አናጺው እግር ሥር ደረሰ።

«ስንተኛሽ ነው?» አሏት።

«አሥራ አራተኛ፣ አባባ። ሃያ ሲሞላ ራይት አደርጋለሁ።»

«የቱ ጋ ነው የሚወድቅብሽ?»

«ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ቀኝ እጄን ስመልስ።»

«ሲወድቅስ?»

«እንደገና እጀምራለሁ።»

«ከየት?»

«ከመጀመሪያው ነዋ!»

አናጺው በአንድ ወገን ከንፈራቸው ሳቁ። «እንግዲያው ልጄ፣ መጀመሪያውን አሥራ አራት ጊዜ ሠርተሻል። መጨረሻውንስ?»

ጉጉት በልቧ ቆጠረች። ከአሥራ አራቱ እስከ መጨረሻው የዘለቀችው ሦስቴ ብቻ ነው።

«እኔም እንዲሁ ነበርኩ» አሉ። «ከአንገቴ እጀምርና ታች ስደርስ እጄ ዝሎ ይቀራል። አክስትሽ ምን አደረገች መሰለሽ? ራሷ ሁሉንም ቆልፋ የመጨረሻዋን ብቻ ተወችልኝ። ሳምንቱን በሙሉ እሷኑ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ሁለት።»

«ለምን ከመጨረሻው?» ጉጉት ወደ አክስቷ ዞረች። «ደግሞ ለምን ቀስ ተብሎ? ስንቴ ነው የሚሠራው? ለምን ነው መሃል ላይ የሚያርፉት? እጅ ሲደክም መለማመድ ይጎዳል እንዴ?»

አክስቷ ፎጣ እያጠፈች ነበር። «ኧረ አንድ በአንድ! ፍርድ ቤት አቆምሽኝ እኮ» አለች። ግን መለሰችላት። ከኋላ ሲጀመር እጅ ወደሚያውቀው ነገር ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አይደነግጥም። የደከመ እጅ ደግሞ የሚማረው ስሕተቱን ነው፤ ማረፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ጉጉት ሠንጠረዡን ቀደደችና ሌላ አሰመረች። ዘዴውን አምስት ቦታ ከፈለችው። አዲሱ ሠንጠረዥ ራይት የሚደረግበት ሳጥን የለውም። በምትኩ «የቱ ጋ ወደቀ?» የሚል ዓምድ አለው።

ከመጨረሻው ስትጀምር ያላሰበችው ጥያቄ ገጠማት። ኳስ የያዘ የሚመስል ባዶ እጅ ምን ዓይነት ነው? ይህን ለማወቅ ረቡዕ ሙሉ ቀን ሰዎች ዕቃ ሲቀባበሉ ስታይ ዋለች። ዳቦ ሻጩ ዳቦ ሲያቀብል፣ ልጆች እርሳስ ሲዋዋሱ፣ እናቷ የበር ቁልፍ ስትሰጣት።

«ምነው አፈጠጥሽብኝ?» አለች እናቷ።

«ዓይንሽ ከቁልፉ ጋር ሄደ!»

«እና ወዴት ይሂድልሽ?»

ጉጉት መኝታ ቤት ወዳለው መስታወት ሮጠች። የራሷ ዓይን ወደ ግራ እጇ አይሄድም ነበር። ኳሱ ወደተደበቀበት ወደ ቀኝ እጇ እያየ ምስጢሩን ሲያወጣባት ኖሯል። ዓይኗን ከሌለው ኳስ ጋር ስትልከው ግን፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ራሷም ግራ እጇ ውስጥ አለ ብላ አመነች። ብቻዋን ሳቀች።

*

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮ ከእሷ ጋር ክሊኒኩ መጣች። አክስቷ ጠረጴዛ ለቀቀችላቸው፤ አናጺው ተመልካች ሆነው ተቀመጡ።

ሬዲዮ ማስተዋወቁን ጀመረች። «ክቡራትና ክቡራን! አሁን የምታዩትን ነገር ለሰው ብታወሩ የሚያምናችሁ የለም፤ ስለዚህ ባታወሩ ይሻላል!» አናጺው ሳቁ። ጉጉት ኳሱን አሳየች፣ አቀበለች፣ እፍ አለች፣ እጇን ከፈተች።

«ወይ ጉድ!» አሉ አናጺው።

ተራው የሬዲዮ ነበር። ኩባያዋን ባዶ መሆኑን አሳይታ ስትደፋው ኳሷ ከኩባያው ውጭ ቀረ፤ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ደገሙት፤ ዳግም ወደቀ። በሦስተኛው ኩባያውም ጭምር።

«እጄን አላበኝ» አለች ሬዲዮ። «ቤት እኮ በደንብ እሠራዋለሁ። በየቀኑ ሃያ ጊዜ! ደብተሬን አላየሽም?»

ጉጉት ኳሱን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ስታነሳው ዓይኗ ኳሱ ላይ ቀረ። የራሷ ኳስ ከላብ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ ለስልሶ ጠርዙ ጠፍቷል። ይኼኛው ግን እንደ ወተት ነጭ ነው። የመቀሱ ማዕዘኖች እንኳ ገና እንደሾሉ ናቸው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሬዲዮ አየቻቸው።

«ራይቱ ሁሉ ፎርጅድ ነው?» አለች ጉጉት።

«ምን ልትይ ነው?»

«አንድም ቀን አልነካሽውም።»

ሬዲዮ ቦርሳዋን አነሳች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።

ጉጉት ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች ዕቃውን ሰበሰበች።

«እኔም አንድ ሳምንት እንዲህ አድርጌያለሁ» አሉ አናጺው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አክስቷ ወደ ጓዳ ገብታለች። «ቤቴ ልምምዱን ሳልሠራ መቆጣጠሪያ ወረቀቱን በራይት ሞልቼ መጣሁ። አክስትሽ እጄን ስትይዘው አወቀችብኝ። ግን ለምን ዋሹ አላለችኝም። ‹የቷ ጣት ናት የምታስቸግርዎት?› ነው ያለችኝ።»

«ለምን ግን ዋሹ?» ጉጉት አፏ ቀደማት።

«ይኸው፣ አንቺ ጠየቅሽኛ!» ሳቁ። «አርባ ዓመት በርና መስኮት የሠራ እጅ አንዲት ቁልፍ ሲያቅተው ማየት ከበደኝ። ካልሞከርኩት አቃተው አይባልም ብዬ ነው።»

*

አርብ ከሰዓት የክበቡ መምህር ጉጉትን ኮሪደር ላይ ጠሯት። እጃቸው ላይ የፕሮግራሙ ዝርዝር ነበር።

«ጓደኛሽ ጠዋት መጥታ ስሜን ሰርዙልኝ አለችኝ። አንቺ ግን ብቻሽን መሥራት ትችያለሽ አሉ። አምስተኛ ተራ ላይ ላስገባሽ?»

ጉጉት «ትንሽ ደቂቃ፣ ቲቸር» አለች።

ሬዲዮ ከውጭ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ጉጉት አጠገቧ ተቀመጠች። ልትላት ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ ትላንት ማታ አልጋዋ ላይ ሆና አንድ በአንድ ደርድራዋለች።

«የቱ ጋ ነው የሚወድቅብሽ?» አለቻት።

ሬዲዮ ቀና አለች። «ምኑ?»

«ኳሱ።»

«ምን አውቄ! አንድ ቀን ነው የሞከርኩት። ሦስቴ ወደቀብኝ፤ ወንድሞቼ መሬት ላይ ተንከባለው ሳቁብኝ። ከዚያ ሰኞ ስትመጪ ያንቺ ገጽ በራይት ተሞልቷል። ባዶ ደብተር እንዴት አድርጌ ላሳይሽ?» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንቺ አንዴ ከያዝሽ አትለቂም። እኔ ማውራት ብቻ ነው የምችለው።»

«የኔም ራይት ግማሹ ባዶ ነበር» አለች ጉጉት። «ሃያ ጊዜ እያልኩ መጀመሪያውን ብቻ ነው ስሠራ የከረምኩት። ሳላውቀው ነው እንጂ።»

«አትቀልጂ።»

«እውነቴን ነው። አናጺው ናቸው የነቁብኝ።»

ጉጉት የሬዲዮን እጅ ያዘችና ገልብጣ አየችው። ከእሷ ያነሰ መዳፍ ነው፤ ጣቶቹ አጠር ያሉ። ኳሱ አውራ ጣቷ ሥር ሳይሆን በሁለቱ መሃል ጣቶቿ መካከል ቢያዝስ? ኩባያውስ ከላይ ሳይሆን ከጎኑ ቢነሳ? እንዲህ ላለ እጅ ዘዴው ምን ይመስላል? አታውቅም። አለማወቋ እንደ ጉንዳን ይወርራት ጀመር።

አክስቷ ለወላጆች ቀን ስትል ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተራ ተቀያይራለች። እናቷም ፈቃድ ጠይቃለች። ብቻዋን ብትሠራም ይጨበጨብላታል፤ እጇ ከእንግዲህ አያሳፍራትም። መድረኩን አሰበችው። ደስ ይላል። ከዚያ ኩባያው የሌለበትን የጠረጴዛውን ማዶ አሰበች።

ተነስታ ወደ መምህሩ ተመለሰች።

«ወሰንሽ?» አሉ፣ እስክሪብቶአቸውን ከፍተው።

«ይኼኛው ይለፈን፣ ቲቸር። ለሚቀጥለው ተርም ያዙልን።»

«ያዙልን? ብቻሽን መስለሽኝ።»

«ሁለት ነን።»

መምህሩ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው አምስተኛውን ተራ ሰረዙት። ጉጉት ቀጭኑን መስመር አየችው። አክስቷን ምን እንደምትላት ገና አላሰበችም።

ደረጃው ላይ ስትደርስ ሬዲዮ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ወደ ቤታችሁ ስትሄጂ በኛ በር አይደል የምታልፊው?» አለቻት ጉጉት።

«አዎ። ምነው?»

«ዛሬ አትለፊ፤ ግቢ። እኛ ቤት የሚስቅብሽ የለም።»