የዋንዛው ክንፍ

ሱሀይር ሙስአብን መጀመሪያ ያየችው ሊጣላት በመጣ ጊዜ ነው።

መርካቶ፣ ሰባተኛ፣ በአባቷ በሐጂ ነስረዲን የቀለምና የማጣበቂያ ሱቅ ውስጥ ነበረች። እናቷ ካረፉ ወዲህ፣ የአባቷም ዐይን እየደከመ ከመጣ ወዲህ ሱቁን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ሐጂ ከበሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ደንበኛን በድምፁ ይለያሉ። ያን ቀን ጠዋት ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት ገብቶ በጨርቅ የጠቀለለውን ነገር ባንኮኒው ላይ ፈታው። ነጭ ፎም ነው፤ ለፎቅ ግንባታ የሚገባው ዓይነት። መሃሉ አይጥ የገባበት ዳቦ ይመስል ተቦርቡሯል።

«ትናንት ከሱቃችሁ ያስገዛሁት ሬዚን ነው እንዲህ ያደረገው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የባሰው እሱ ነበር። «የአንድ ወር ሥራዬን በላው።»

«ሬዚኑ እኮ የመኪና ፓራውልት መጠገኛ ነው። ፎም ላይ አፍስሰው ያለህ ማነው?»

«ማንም።»

«ምን ልትሠራበት ነበር?»

ትንሽ አመነታ። «ሰርፍ ቦርድ። የባሕር ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው።»

ሳቋ መጣ። ፊቱን ስታይ ግን ዋጠችው። እንደሚሳቅበት ዐውቆ የመጣ፣ መሳቁንም አስቀድሞ ይቅር ያለ ሰው ፊት ነበር።

«ባሕሩስ?» አለችው በለሆሳስ።

«እሱን ሁሉም ይጠይቀኛል» አለና ፎሙን ጠቅልሎ ወጣ።

በሳምንቱ ሌላ ሬዚን ሊያይ ተመልሶ ሲመጣ ታሪኩን ነገራት። ኦማን አራት ዓመት ሠርቷል። መጀመሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ጃንጥላ ተካይ ነበር፤ ኋላ አንድ ሽማግሌ ሰርፍ ቦርድ ጠጋኝ ወደ ሱቁ አስገብቶ ሙያውን አስተማረው። የሥራ ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። አሁን አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ፓራውልት ይጠግናል። እዚያ የለመደው ፎም ሬዚን አይበላውም ነበር፤ ያ ፎም ግን መርካቶን ቢያስሱት የለም።

ሱሀይር ስድስት ዓመት ሙሉ የሸጠችው ዕቃ ከሱቁ ወጥቶ ምን እንደሚሆን አስባ አታውቅም ነበር። ያን ሰሞን ግን የፎም ቁራጭ ባንኮኒው ሥር ደርድራ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ በየተራ ጠብ እያደረገች ስታይ ሰነበተች። አንዱ አረፋ ደፈቀ፤ አንዱ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ለወለል የሚቀባው ኢፖክሲ ብቻ ምንም ሳይነካው ደርቆ እንደ መስታወት ጠነከረ። ቁራጩን አጎቱ ጋራዥ ድረስ ይዛለት ሄደች።

ሙስአብ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ አዳመጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። አየት አድርጎ የሚተው ዓይነት አስተያየት አልነበረም።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ያለው ጊዜ የሁለቱ ሆነ። የጋራዡ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ታናሽ እህቷ ጠሂራም ስልኳን ይዛ ከጎማ ክምር ላይ ትቀመጣለች። ሙስአብ ፎሙን በመጋዝ ቀረጸው፣ በሞረድ አስተካከለው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ነጩ ብናኝ ሽፋሽፍቱ ላይ ያርፍ ነበር።

«ዐይንሽን ጨፍኚ» አላት አንድ ቀን። «መዳፍሽን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ውሰጂው። ዐይን ይሸወዳል፣ እጅ አይሸወድም።»

ጨፍና ወሰደችው። መሃል ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ ከፍ ይላል።»

እሱም እጁን ከእጇ አጠገብ አሳረፈ፤ ሳይነካት፣ አንድ ጣት ያህል ርቆ። ጉብታውን በጣቱ ፈለገው።

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ አላገኘሁትም ነበር።»

ከሰሌዳው ሥር የሚተከሉትን፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ያሉትን ሦስት ቁራጮች የሠራችው ሱሀይር ናት። ያለ እነሱ ሰሌዳው ውኃ ላይ አቅጣጫ አይዝም። ፕላስቲኩ እየተሰበረ ሲያስቸግረው፣ ዋንዛ ይሁን ያለችውም እሷ ናት። የመሃለኛውን አራት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ጣለችው፤ ፊቱ ወፈር ብሎ ወደ ኋላ እንደ ቢላ ስለት መሳሳት አለበት። አራተኛውን ሲያይ ሙስአብ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘው።

በአረፋ በዓል ማግስት ሰሌዳውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረው ከጠሂራ ጋር ላንጋኖ ወረዱ። ረዳቱ «የማን ልብስ መተኮሻ ነው ይሄ?» እያለ መንገዱን ሙሉ አሳቃቸው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ ቡናማው ውኃ ተገላበጠ። ሙስአብ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ቆመ። እስከ አሥር ብትቆጥር የማይሞላ ጊዜ ነበር፤ ሱሀይር ግን ሰው በገዛ እጁ በሠራው ነገር ላይ ቆሞ ሲሄድ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። ከዚያ ከነልብሷ ሰሌዳው ላይ አስተኝቶ ገፋት። ከሥሯ ዋንዛዎቹ ውኃውን ሲሰነጥቁት በሆዷ ተሰማት።

ዳርቻው ላይ ብስብስ ብለው ውኃ እያንጠባጠቡ ተቀመጡ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ ወደ ሐይቁ እያየ።

«ላክ» አለች፣ እሷም ወደ ሐይቁ እያየች።

ሐጂ ነስረዲን ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ። በነጋታው ግን ሙስአብን ያለ ሽማግሌ ወደ ሱቁ አስጠሩት፤ ሱሀይር ከባንኮኒው ኋላ ነበረች።

«ልጄ፣ ጨዋ መሆንህን ሰምቻለሁ። ድምፅህንም ወድጄዋለሁ» አሉት። «ግን የዚህን ሥራ ነገር አስረዳኝ። አገራችን ባሕር የላትም። ቤት በምን ታቆማለህ?»

ሙስአብ መዳፉ ላይ የደረቀውን ኢፖክሲ ፈተገ።

«እኔ ዐይኔ እየሄደ ነው። ሱሀይር ከዚህ ከራቀች እኔም ሱቁም አለቀልን። ሰሌዳውን ተወውና ከእኔ ጋር ሁን። ልጄን እሰጥሃለሁ።»

«እሺ፣ ሐጂ» አለ። ሱሀይርን አላያትም።

ኒካሁ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሙስአብ ከባንኮኒው ኋላ ገባ። አምስት ወር ቀለም በጠበጠ፣ ሙጫ መዘነ፤ አንድ ቀን አላረፈደም፣ አንድ ቀን አልተነጫነጨም። ሱሀይርን ያስፈራት ይኸው ነው። ያ በሞረድ ድምፅ መሃል የሚያንጎራጉር ሰው፣ ደንበኛ ሲጠራው ከሩቅ እንደተመለሰ ሁሉ «አቤት» ይላል። ሥራ ሲፈታ መዳፉ ሳያውቀው የባንኮኒውን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሳል።

አንድ ቀን እየሳቀ ስልኩን አሳያት። «ሽማግሌው ነው። አዲስ ወርክሾፕ ከፍቷል። ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ፣ ና ይለኛል። አልመጣም ብዬዋለሁ።»

ሳቁ ዐይኑ ጋ አልደረሰም።

ሱሀይር ሦስት ቀን አሰበች። አብራው እንዳትሄድ አባቷ የመድኃኒታቸውን ጽሑፍ እንኳ ማንበብ አይችሉም፤ ጠሂራም በቅርቡ ባሏ ዘንድ ልትገባ ነው። ሂድ ብትለው እንደማይሄድ ታውቃለች። በአራተኛው ቀን በርበሬ በረንዳ ድረስ አብረን እንሂድ አለችው። ቦታውን የመረጠችው ዐውቃ ነው፤ እዚያ የሚያልፍ ሁሉ ዐይኑ ያለቅሳል።

ጆንያዎቹ መሃል ቆመች። «ሙስአብ፣ ኒካሁ ይቅር።»

«ምን አልሽ?»

«ሌላ ሰው ጠይቆኛል። ዱባይ ተራ ሱቅ ያለው ነው። ልቤ ወደ እሱ ሆኗል።»

በርበሬ የጫነ ጋሪ መሃላቸው አለፈ። ጋሪው ካለፈም በኋላ ሙስአብ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር፣ ይለምነኛል ብላም።

«እሺ» አለ ብቻ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በረረ። ሱሀይር ለማንም አልተነፈሰችም፣ አላለቀሰችምም። ለሚጠይቋት «አልተስማማንም» አለች፤ ኋላ ሊያጩዋት የመጡትንም መለሰች። ሐዘኑ ሲበረታባት አንድ ነገር ያጽናናት ነበር፦ አታልላዋለች፤ አታልላው ግን ነጻ አውጥታዋለች። እሱ ቢጠላትም እሷ ታውቃለች።

በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ አባቷ ለዙሁር ሰላት መስጊድ ሄደው ሳለ፣ ሙስአብ በሱቁ በር ገባ። ወፈር ብሏል፤ ፂም አሳድጓል።

«አጎቴ ሞቶ ለለቅሶ መጣሁ» አለ።

«ሰምቻለሁ። አላህ ይማረው።»

«አግብቻለሁ። እዚያው የምትሠራ የጅማ ልጅ ናት። አንዲት ሴት ልጅ አለችን።»

«አላህ ያሳድግልህ» አለች ሱሀይር። ድምፅዋ ስላልተንቀጠቀጠ ራሷን አመሰገነች። «ሰሌዳውስ?»

«እሠራለሁ። አሁን በእኔ ስም ነው የሚጠራው።» ወደ ባንኮኒው ቀረበ። ከዚያ፣ «ሱሀይር፣ የዱባይ ተራው ሰውዬ እንዳልነበረ ዐውቃለሁ።»

ባንኮኒውን ያዘች። «ማን ነገረህ?»

«ጠሂራ። ያኔውኑ፣ በዚያው ቀን ማታ ደውዬ ጠየቅኋት። ምንም ሰው የለም አለችኝ። እንዳትነግርሽ አስማልኳት።»

«ዐውቀህ ነው የሄድከው?»

«ዐውቄ ነው የሄድኩት።» አንገቱን ደፋ። «ያኔ ወደ አንቺ ብመለስ እውነቱን ትነግሪኝ ነበር፤ ከነገርሽኝ ደግሞ እዚሁ መቅረቴ ነበር። መቅረት ፈራሁ። ለዚህ ነው በአሥራ ሁለት ቀን የበረርኩት። አንቺን ውሸታም አድርጌ እኔ የተበደልኩ መስዬ ሄድኩ። ይህን ሳልነግርሽ መኖር አቃተኝ።»

አንድ ደንበኛ ገብቶ ብሩሽ ጠየቀ። ሱሀይር አውርዳ ሰጠችው። ሰውዬው ሲወጣ ሙስአብ እንደቆመ ነው።

«ይቅር በይኝ።»

አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልመጣላትም። «ሂድ» አለችው በእርጋታ። «ልጅህ ትጠብቅሃለች።»

ሄደ። አራት ዓመት የተሸከመችው ስጦታ፣ ተቀባዩ ምን እንደሆነ እያወቀ በጓሮ በር የወሰደው ኖሯል። ያኔ ተነጋግረው ቢሆን ኖሮም መለያየታቸው አይቀርም ነበር ይሆናል። ግን ሁለቱም እውነቱን ይዘው፣ አብረው አልቅሰው ይለያዩ ነበር።

ሐጂ ነስረዲን ከመስጊድ ተመለሱ። በሩ ላይ ቆም አሉ። «የማውቀው ድምፅ መንገድ ላይ ሰላም አለኝ» አሉ። «ሙስአብ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ምን ፈልጎ መጣ?»

«ሊሰናበተኝ» አለች፤ ከዚያ የቀለም በርሜል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ።

አባቷ በእጃቸው ዳብሰው የሱቁን መዝጊያ አገኙና እስከ መሬት ድረስ ሳቡት። ገበያው በደራበት ሰዓት ያ ሱቅ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር። በጨለማው ውስጥ እየዳበሱ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።