መንገዱን የተሻገረው ፍላሽ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም። መተማ ዮሐንስ ዕድሜዬን በሙሉ ስኖር የቀትር ጋኔን መታው የተባለውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወይ ወባ ነው፣ ወይ ፀሐይ ነው፣ ወይ ሲጠጣ ያደረ ነው። ስለዚህ ይህን ስትሰሙ አሮጊቷን ሙቀት መታት እንዳትሉኝ፣ እሱን የምትል ከመንገዱ ማዶ አለችልኝ።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ስንዱ ናት፣ የሟቹ ባሌ የሞገስ እህት። እሷም እንደኔ ኮምፒውተር ቤት አላት፤ ሁለታችንም ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ ኮኪት ለሚያልፉት ሠራተኞች ስልካቸው ላይ ዘፈን እንጭናለን። እኔ የጀመርኩትን ሥራ አይታ ፊት ለፊቴ ከፈተች፣ እሱን ትቼላታለሁ። ያልተውኩላት ሌላ ነው። ሞገስ የሞተ ዕለት አጠገቡ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ትኩሳቱን የሚያበርድለት በረዶ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አልፎ አገኘሁት። ምን አለ ብላት፣ ምንም አለችኝ። በለቅሶው ግን ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ወንድሜ ደንቢያ አውጡኝ፣ ያገሬ አየር ያድነኛል እያለ ሲለምን ይህች ሴት በረሃ አስቀርታ ገደለችው ብላ በግጥም አወረደችው። ለኔ አንድም ቀን አውጪኝ ብሎኝ አያውቅም። በመጨረሻዋ ሰዓት ለሷ ብሏት እንደሆነ ግን በምን ልወቅ? ይኸው እስከ ዛሬ አመነዥከዋለሁ።

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። እኛ ዘንድ ቫይረስ የሚመጣው በፍላሽ ነው። ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር በእጅ ይዞራል። አንዱ ነጋዴ የጉምሩክ ወረቀቱን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ያ ፍላሽ አብርሃ ጅራ ከተማ ስንት ቤት ገብቶ እንደወጣ እግዜር ይወቅ፣ ከሰካሁት በኋላ የፋይሉ ስም ብቻ ይቀርና አልከፈት ይላል፣ ጥፋቱም የኔ ይሆናል። መድኃኒቱም እንደ በሽታው በእጅ ነው የሚዞረው። ኑሩ የሚባል ሞባይልና ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፣ አዲሱን የቫይረስ ማጥፊያ ከጎንደር በሹፌር ያስመጣና በአንድ ፍላሽ ቤት ለቤት እየዞረ ይጭንልናል። ሁልጊዜ ከስንዱ ይጀምራል፣ እኔ ጋ ሲደርስ የሷን ቤት ጉድ አብሮ ይዞልኝ ይመጣል። ስንቴ ነግሬዋለሁ መሰላችሁ።

ያን ቀን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

"ዛሬ ከኔ ትጀምራለህ" አልኩት።

"እትዬ የሺ፣ እትዬ ስንዱ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁኝ ነው እኮ።"

"ይጠብቁ። ሰው በመጠበቅ አይሞትም።"

"በሁለታችሁ መሐል የቆመ ሰው ግን ይሞታል" ብሎ እየሳቀ ገባ።

ተቀምጦ ፍላሹን ከሰካ በኋላ ካሜራው ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አንተ አይደለህ ሰላይ ቫይረስ አለ፣ በካሜራው ያያል፣ ያወራችሁትን ይቀዳል ያልከኝ?"

"እሺ፣ ዓይኑን ሸፈኑት። ጆሮውስ?"

"ጆሮውን አንተ እወቅበት፣ እንጀራህ ነው።"

ማጥፊያው ፋይሎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ሲጀምር የዙሁር ሶላት ደረሰ። ኑሩ ሊሄድ ተነሣና "ቀይ ሳጥን ብቅ ካለ ሰርዝ የሚለውን ይጫኑ፣ ኸላስ፣ ሌላ ሐሳብ አያስፈልግም" ብሎኝ ወደ መስጊድ ወጣ።

ቀትር ነው። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም፣ ባጃጆቹ ቆመዋል፣ ከጎኔ ያለው የባጃጅ ጋራዥም ለሶላት ተዘግቷል። በካርቶን ፊቴን እያራገብኩ ተቀምጬ ሳለ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም፣ ቱክ ቱክ ቱክ የሚል የድሮ ወፍጮ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፣ ወፍጮው የነበረው ጋራዡ ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ ከፈረሰ ዘመን አልፎታል። ወጥቼ አየሁ፣ ምንም የለም። ስገባ ድምፁ ከጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ዘፈን ከምንሞክርባት ትንሽ ድምፅ ማጉያ። የተከፈተ ዘፈን የለም፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፍተሻው ብቻ ነው። በፕላስተሩ ሥር ግን የካሜራው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

ከወፍጮው ድምፅ ሥር አንድ ሰው አሳለ። ከዚያ አንዲት ሴት "ስንዱዬ፣ በረዶ ልግዛለትና መጣሁ፣ ውኃውን ካፉ አትለዪ" አለች።

እመኑኝ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ስንዱዬ እላት ነበር ለካ፣ ረስቼዋለሁ።

እንግዲህ አስቡት። ሞገስ የሞተው በዚችው ክፍል ነው፣ ያኔ ሱቅ አልነበረችም፣ አልጋውና አንድ የጽሕፈት መኪና ነበሩባት፣ የጽሕፈት መኪና ደግሞ ጆሮ የለውም። ይህን ኮምፒውተር የገዛሁት ተዝካሩ ወጥቶ፣ ሐዘኑ ተረስቶ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ፣ እኔ መውጣቴ ነው። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፁ "ስንዱ" አለ።

"አቤት ወንድምዓለም።"

"ለየሺ ንገሪያት..." ትንፋሹን ሰበሰበ።

ይኼኔ ማሽኑ ጭው አለና ቀዩ ሳጥን ብቅ አለ፣ ድምፁም ቆመ። ሰላይ ተገኘ ይላል፣ ሰርዝ ወይስ ተወው? እጄን ማውሱ ላይ አደረግኩ። ተወው ብል የሰው ፍላሽ ሁሉ ይበከላል፣ ስንዱም የየሺ ቤት ቫይረስ ማራቢያ ነው ብላ ታስወራለች፣ የስሜ መጥፋት የምበላውን እንጀራ ይዞብኝ ይሄዳል። ደግሞስ ቀሪው ቃል እሷ በለቅሶው ያለችው ቢሆንስ? ሰርዝን ጫንኩት።

ኑሩ ተመልሶ አየና "አንድ ሰላይ ነበር፣ አጥፍተውታል፣ ጎበዝ" አለኝ።

"ይናገር ነበር።"

"የቀዳውን ነዋ።"

"ኮምፒውተሩ ሳይገዛ የተወራውንም ይቀዳል?"

አየኝ። "ሙቀቱ ነው እትዬ የሺ፣ ውኃ ይጠጡ" አለና ፍላሹን ነቅሎ መንገዱን ተሻገረ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ስንዱ ቤቷን ዘጋች። ዘፈን የሚያስጭን ሠራተኛ ተሰልፎ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ። ደንበኞቿ ሁሉ እኔ ጋ መጡ፣ እንደ ድሮዬ ቢሆን ደስ ባለኝ። በማግስቱ ኑሩ ብቅ አለ፣ ቀልዱ የለም።

"ያ ሰላይ ፍላሹ ላይ ተሳፍሮ ተሻግሮ ኖሯል" አለ። "ላጥፋልዎ ብላቸው እንዳትነካብኝ አሉ። ገመዱን ነቅለው በነጠላ ሸፍነውታል።"

"ምን ሰማች?"

"እኔ ውጣ ተብዬ በር ላይ ነበርኩ። እንደ ወጡ ለርስዎ አንድ ነገር ላኩኝ፣ የሺ ያጠፋችው እስከ መጨረሻው ሰምታው ነው ወይ ብለህ ጠይቃት አሉኝ።"

በዚህ ሁሉ ዘመን ከሷ ወደኔ የመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ያቺ አንገቷን ቀና አድርጋ ያለቀሰችብኝ ሴት ፈራች ማለት ነው። እኔም ሳላስብ "አዎ፣ አንዲት ቃል አላመለጠኝም በላት" አልኩት።

ቃሉ በለቅሶው እንዳወረደችው ቢሆን ኖሮ ድምፅ ማጉያ አውጥታ ለመተማ ሁሉ ባሰማችው ነበር፣ ይህን አውቃለሁ፣ በዚህም እጽናናለሁ። ግን ቀሪው ቃል እሷ ቤት በነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ተሻግሬ ምን አለ እንዳልላት ሰምቻለሁ ብያለሁ። እሷ በሯ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አታየኝም፣ እኔም አላያትም።

ኑሩ ደጋግሞ ፈትሾ ኮምፒውተርዎ ንጹሕ ነው ይለኛል። ይሁንለት። ትናንት ቀትር ላይ ግን መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ገመዱንም በገዛ እጄ ነቅያለሁ፣ ጋራዡም ዝግ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ወፍጮው ይፈጫል።