ጥቁሯ ወፍ

«ምስጋኑ ምነው እንዲህ ዝም አለ ሸጌ? አሞት ይሆን? ከፍቶት ይሆን?»

ሸጌ መልሱን ታውቃለች፤ መናገር ግን አትችልም። የአያቷን የእማማ ወለተ ሐናን ክንድ ይዛ ወደ ቀበሌው አዳራሽ በር አስጠጋቻቸውና «ፊልሙ ሊጀመር ነው እማማ፣ ቶሎ በሉ» አለች።

የፊልም መኪና ከደሴ መጥቷል። አዳራሹ በቀን እንዲጨልም የላሊበላ ሰው ከየቤቱ ብርድ ልብስ አምጥቶ መስኮቶቹን ከድኗል። እማማም ጋቢያቸውን ሰጥተዋል፤ አሁን ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። «ብቻ መሬት እንዳይጥሉብኝ!»

ከጥምቀት ማግስት እማማ ቤተ ክርስቲያን እያሉ ነበር ሰዎች መርዶ ይዘው የመጡት። የእማማ ልጅ፣ የሸጌ አባት ምስጋኑ ከዘመተበት ግንባር አይመለስም። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ኪዳን፣ የእማማ ልብ ደካማ ነውና መርዶው ከፋሲካ በኋላ ይነገር አሉ። ለሸጌም «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። እንዳታለቅሺ፤ ፊትሽን አይተው ያውቁብሻል» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላለቀሰችም።

ውጭ ጀኔሬተሩ ማጓራት ጀመረ። ነጩ አንሶላ ላይ በቀለም የተሳለች ልጅ ብድግ ብላ ስትራመድ አዳራሹ «እንዴ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ከአንሶላው ጀርባ ፈተሹ። «ኧረ ማንም የለም!» ሲሉ ሳቅ ሆነ።

«የቤተ ማርያም ሥዕሎች ተነሥተው ቢሄዱ እኮ እንዲህ ነው!» አሉ እማማ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው።

ፊልሙ ንግግር የለውም፤ መምህር ጋሻዬ ከፊት ቆሞ ያስረዳል። በልጅቷ ደረት ውስጥ ወፎች ይኖራሉ። ቢጫዋ ደስታ ናት፣ ቀይዋ ቁጣ፣ ጥቁሯ ኀዘን። የልጅቷ አባት ሲሞት ቤተሰቦቿ ለእሷ አዝነው ጥቁሯን ወፍ አባረው መስኮቱን ዘጉ። ልጅቷ መሳቅና መጫወት ጀመረች። አንድ ቀን ግን የአባቷን ኮት አንሥታ የማን እንደሆነ ጠፋት። የአባቷ መልክ ለካ ከጥቁሯ ወፍ ክንፍ ሥር ነበር።

«ክፈቱላት!» ብለው ጮኹ እማማ።

«ኧረ ክፈቱላት!» አለ ሰው ሁሉ።

መስኮቱ ተከፈተ። ወፏ ገብታ ትከሻዋ ላይ አረፈችና ክንፏን ዘረጋች፤ ልጅቷ የአባቷን ፊት አይታ አለቀሰች። ከዚያ ጭብጨባው «ይደገም! ይደገም!» ከሚል ጩኸት ጋር ጣሪያውን አናጋው።

በር ላይ የሸጌ የክፍል ጓደኛ ዘውገ፣ ያ ቀልደኛ፣ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።

«የጀኔሬተሩ ጭስ ነው» አለ።

«ጀኔሬተሩ እኮ ከጓሮ ነው።»

«እሺ አንቺስ? ይሄ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ደርቀሽ ቀረሽ። ድንጋይ!»

ሸጌ አልተቆጣችም። ስለ ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። አባቷ ሲስቅ አንድ የጎደለ ጥርስ ነበረው። በግራ ነበር? በቀኝ? ቆም ብላ ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

እቤት ጎረቤታቸው ወይንሸት ተከትላቸው ገባች። እማማ ጋቢያቸውን እያራገፉ ፊልሙን አወድሰው አልጠግብ አሉ።

«ያቺን ልጅ የሳለ እጁ ይባረክ! ዓይኗን አየሽልኝ ወይንሸት? በቀለም የተሠራ ዓይን እንዲህ ሆድ ያባባል?»

«እኔማ እትዬ፣ ልጅነቴን ነው ያስታወሰኝ» አለች ወይንሸት።

«ቤተሰቦቿ ግን አናደዱኝ። ለእሷ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ለዚች ለሸጌ ስሰጋ ነው የምኖር፤ ነፋሱም ያሰጋኛል፣ ገደሉም ያሰጋኛል። ግን የአባቷን መልክ እስክታጣው? አይ! እኔን እንዲያ የሚያደርገኝ ሰው ቢኖር አልምረውም ነበር።»

ወይንሸት አንገቷን ደፋች። ምስር መልቀም የያዘች ይመስል ባዶውን ሰፌድ አንሥታ አገላበጠችው። እሷም ታውቃለች ማለት ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«እማማ፣» አለች ሸጌ ቀስ ብላ፣ «የአባዬ የጎደለው ጥርሱ በየት በኩል ነበር?»

«በግራ ነዋ! ከበቅሎ ወድቆ ነው፣ ያንቺን ያህል እያለ። ምን እያለ እያለቀሰ መጣ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ ጥርሴ እዚያው ቀረ፣ ሄደን እንፈልገው!›» ብለው ሳቁ እማማ። ሳቃቸው ብዙ አልቆየም። በሩን አሻግረው የወልድያውን መንገድ ተመለከቱ። «ለመስቀል ጻፈልኝ፣ ለገና የለም። እንጃ…»

ሸጌ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። የአባ ወልደ ኪዳን ቤት ከቁልቁለቱ ሥር ነው፤ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ አባን ዛሬ ሄዳ ከለመነቻቸው ለነገ ይደርሳል።

«ወዴት ነው በዚህ ብርድ? ሸጌ! ጋቢውን ደርቢ እንጂ ልጄ!»

ሸጌ ተመልሳ የአያቷን ትከሻ ሳመች። ከዚያ ወጣች፤ በሩንም ክፍት ተወችው።