የናሙናው ቤት ሟች

የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ በአዲሱ መኖሪያ ሕንጻ የናሙና ቤት መታጠቢያ ክፍል ተንጋለው ሲገኙ፣ ከታች ግቢው ውስጥ ሕዝቡ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሪባኑን መቆረጥ ይጠብቅ ነበር። ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ ሲጥ ብሎ ዝም አለ። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሰዓታቸውን አይተው ተቋራጩን «ውጣና ጥራቸው፣ ሰው ተሰላቸ» አሉት። ተቋራጩ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ እንደ ሸሚዙ ነጥቶ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ሕዝቡ ገና አልተበተነም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሰቀቀን» ይሏታል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከልጆቿ አንዱ መኪና የገጨው ይመስላታል። ሰው ቤት ስትገባ ከመቀመጧ በፊት ምድጃው መጥፋቱን፣ ቧንቧው መዘጋቱን፣ መስኮቱ መቀርቀሩን ታያለች። ይህ አመሏ ቤተሰቡን ቢያስመርርም በሥራዋ ጎድቷት አያውቅም። ሌላው ዓይኑን የሚጨፍንበትን ነገር እሷ ስትጠብቀው ስለምትኖር አፍጥጣ ታየዋለች።

ሟቿ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ራሳቸው ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ደም አለ፤ ግን ለእንዲህ ያለ ቁስል ጥቂት ነው። መርማሪዋ ተንበርክካ የተጨበጠ እጃቸውን ቀስ ብላ ገለጠች። መዳፋቸው በኖራ ብናኝ ነጥቷል። ወገባቸው ላይ የሕንጻው ቁልፎች በገመድ ተንጠልጥለዋል።

ስትነሳ እንደ ልማዷ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ነካ አደረገችው። ከወትሮው ትንሽ ቆየች። ቀጥላ ወደ ኩሽናው ሄዳ እዚያም ያንኑ አደረገች።

ሳሎኑ ገና ያልተጠረገ ነው፤ ወለሉን ሁሉ ኖራ አልብሶታል። ከመስኮቱ ሥር ተነስተው ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች በጫማ ተደምስሰዋል፤ ደምሳሹ ግን ቸኩሎ ኖሮ እዚህም እዚያም ቀርተዋል። የመስኮቱ የሲሚንቶ ጠርዝ ዳር እስከ ዳር አቧራ ሲሆን፣ አንድ ጥጉ ብቻ ተጠርጓል።

«ተንሸራተው ነው?» አለች አስከሬኑን የሚመረምረውን ሐኪም።

«አይመስለኝም። ሁለት ክንዳቸውን ሰው ጨምድዶ ይዟቸው ነበር። ጣቶቹ ታትመዋል።»

«ገዳዩማ ተይዟል እኮ!» አሉ ሊቀ መንበሩ ከበሩ ላይ። «ያ ልብስ ሰፊ ነው። ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ሲጮህባት ነበር። እኔ የምለምንሽ ነገሩ ከምክር ቤቱ ምርጫ በፊት እንዲዘጋ ነው፣ እህቴ። ምርጫው እኮ በሳምንቱ ነው።»

ልብስ ሰፊው እጣ ከወጣላቸው አንዱ ነው። ተከራይቶ የሚኖርባትን ክፍል ለቆ፣ ቁልፉን ዛሬ ሊቀበል ሚስቱን ይዞ መጥቶ ነበር። የቀድሞዋ አከራያቸው ክፍሏን ለሌላ ሰጥታለች። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ፖሊሶቹ ባሏን በካቴና አስረው ሲወስዱት መኪናዋን መሬት ላይ ማስቀመጥ እንኳ አልመጣላትም።

በናሙናው ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ከሟቿ ጋር የታየው ከመንግሥት የተላከው ተቆጣጣሪ ነበር። ምክር ቤት የሠራውን ቤት በራሱ ሥልጣን ማስረከብ አይችልም፤ ተቆጣጣሪው ገብቶ፣ ዓይቶ፣ «ለመኖሪያ ብቁ ነው» ብሎ መፈረም አለበት። ጉድለት ካገኘ ምክር ቤቱን እስከ ማስበተን ይደርሳል። ስለዚህ ሊቀ መንበሩም ተቋራጩም እሱ ሲናገር ከጎኑ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው ነበር የሚያዳምጡት።

«ሰብሳቢዋ ቤቱን አስጎበኙኝ» አለ ተቆጣጣሪው። ሽክ ያለ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ከዚያ እጄን ኖራ ነክቶታል ብለው ሊታጠቡ ገቡ። ውሃው ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። እኔ ንግግሬን ልከልስ ብዬ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ያ ልብስ ሰፊ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲወጣ አገኘሁት።»

ተቋራጩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ሳል ያዛቸው።

«ጀሪካን?» አለች መርማሪዋ።

«ቢጫ ጀሪካን። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እንጃ።»

«እርስዎ ከዚህ በፊት እዚህ ሕንጻ መጥተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ሳላይ እፈርማለሁ እንዴ? ባለፈው ወር ማንንም ሳልረብሽ መጥቼ ክፍል በክፍል ነው ያየሁት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች መርማሪዋ።

ሊቀ መንበሩን ለብቻቸው ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው።

«ቁልፉ ሁልጊዜ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው?»

«ወይ እሷና ቁልፏ! ለእኔ እንኳ አትሰጥም ስልሽ! አንድ ጊዜ ለእንግዳ ላሳይ ብዬ ብለምናት ራሷ መጥታ ከፈተች፣ ራሷ ቆልፋ ሄደች። ‹ቤቱ የባለ እጣዎቹ ነው፣ ጋሼ፤ የእርስዎ አይደለም› ነው ያለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።» ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ሐዘናቸው የእውነት ነበር።

«ትናንት ልብስ ሰፊው ለምን ጮኸባቸው?»

«ያው ስለ… ስለ ቤቱ ነገር ነው። ሰው ምን ያጠግበዋል?»

ተቋራጩም ስለ ጭቅጭቁ ስትጠይቀው የሰጣት መልስ ያው ነበር፤ «ያው ስለ ቤቱ ነገር።» ሁለት ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ እንዲህ ሲገጥም ተመካክሯል ማለት ነው ብላ አሰበች።

ወደ ጣቢያ ስትሄድ መኪና ውስጥ ሆና ቤት ደወለች።

«ምድጃውን አጥፍተሻል?»

«አጥፍቻለሁ፣ እማ። ትናንትም አጥፍቼ ነበር፤ ነገም አጠፋለሁ» አለች ልጅቷ።

«ወንድምሽስ?»

«እሱንም ላጥፋው?»

መርማሪዋ ሳትስቅ ዘጋችው። ወደ አዲሱ ቤት ልጆች ይዞ የሚገባውን ሰው እያሰበች ነበር።

ልብስ ሰፊው የእስር ክፍሉ ግድግዳ ሥር ኩርምት ብሏል። ስትገባ ለመነሳት ሞከረ።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ጀሪካኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ውሃ ነዋ!»

«ለምን ያዝከው?»

«ታዲያ ከየት ላመጣ ነው?» ግራ ተጋብቶ አያት። «ትናንት ስለሱ አይደል የጮኽኩባቸው? አፌ አመለጠኝ፣ ሌባ ናችሁ አልኳቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ‹እውነትህን ነው። ነገ እዚያ ድምፅ ማጉያ ላይ ቆሜ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ› አሉኝ። እኔም አፈርኩ። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ወጥቼ አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ጀሪካኔን ከእኛ በር ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።» ቀና አለና «ሚስቴ የት ናት? ማደሪያ የላትም እኮ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም የናሙናው ቤት ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሊቀ መንበሩ ከመስኮቱ ርቀው ቆሙ። ተቋራጩ በሩን ተደገፈ። ተቆጣጣሪው ሱሪው ኖራ እንዳይነካው ከግድግዳው ፈቀቅ ብሏል። ልብስ ሰፊው በሁለት ፖሊሶች መካከል ካቴናውን ይዟል። ከታች ወንበሮቹ ለምርጫ ጣቢያው ይፈለጋሉ ተብለው እየተጫኑ ነበር፤ ኳኳታቸው እስከ ላይ ይሰማል።

«የትናንቱን ይደግሙልኛል?» አለች ተቆጣጣሪውን። «ሰብሳቢዋ ሊታጠቡ ሲገቡ ምን ሰሙ?»

«ውሃ ሲወርድ። ነግሬሻለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እህቴ፣ ጆሮዬ ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝና ያቺን ቧንቧ ይክፈቱልኝ።»

ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባ። ቧንቧውን ወደ ግራ አዞረው። ደግሞ አዞረው። ደረቅ የአየር ትንፋሽ እንኳ አልወጣም። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ዛሬ ተቋርጦ ይሆናል» አለ።

«አልተቋረጠም። መቼ ተቀጠለና ይቋረጣል?» ወደ ተቋራጩ ዞረች። «ነው ወይስ አይደለም?»

ተቋራጩ ሊቀ መንበሩን አየ። ሊቀ መንበሩ መሬቱን።

«ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ተዘርግቷል» አለ በመጨረሻ። «ከዋናው መስመር ጋር አልተገናኘም። ከምርጫው በኋላ ይደረጋል ተባልኩ።»

«አንዲት ጠብታ ወርዶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ስለዚህ ማንም ውሃ አልሰማም» አለች መርማሪዋ። «ሰብሳቢዋም አልታጠቡም፤ መዳፋቸው እስከ ሞታቸው ኖራ ነበር። እንዲያውም እዚያ ክፍል ውስጥ አልሞቱም። ሰው ክንዳቸውን ይዞ ገፈተራቸው፤ ራሳቸው ከዚህ የመስኮት ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ገዳዩ ጠርዙን ጠረገው። ከዚያ ጎትቶ አስገባቸው፤ ተረከዛቸው ያሰመረውን በጫማው ደመሰሰ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ለምን መታጠቢያ ቤት? ደረጃው አጠገቡ ነው። በረንዳው ገና አጥር የለውም።»

በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ወደ ደረቁ ወለል አመለከተች።

«ተንሸራተው ወደቁ እንዲባል ነዋ። እርጥብ ወለል ላይ። ይህን ሊያስብ የሚችለው እዚህ ቤት ውሃ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ተቋራጩ እንደሌለ ያውቃል። ሊቀ መንበሩ ያውቃሉ። ልብስ ሰፊው ከሁሉ በላይ ያውቃል፤ ከሰፈር ውሃ ቀድቶ ሦስት ፎቅ ተሸክሞ የወጣ ሰው ነው። ጀሪካኑን አይተው ምን እንደሆነ ያልገባዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ተቆጣጣሪ። ከሁላችን ይልቅ ማወቅ የነበረበት ሰው ብቻውን አያውቅም።»

«ባለፈው ወር ስመጣ…»

«ማን ከፈተልዎት? ቁልፉ ከሰብሳቢዋ ወገብ ተለይቶ አያውቅም። ለሊቀ መንበሩ እንኳ አልሰጡም። እሳቸው ይህን ሊነግሩዎት ነበር ወደዚህ ያስወጡዎት። ‹ቤቱን ሳያዩ ነው የፈረሙት፤ ዛሬ ድምፅ ማጉያ ላይ እናገራለሁ› አሉዎት። ገና ወደ ቧንቧው ነገር ሳይደርሱ ያዙዋቸው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ይህን ቧንቧ ነክተውት ቢሆን ያመልጡን ነበር።»

ተቋራጩ በድንገት ግንባሩን መታ። «እጁ!» አለ። «ሲወርድ እጁ ነጭ ነበር! የታሸገ ውሃ ለምኖኝ አስታጥቤዋለሁ። ቧንቧውን ሞክሮ ደረቅ መሆኑን ያወቀ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለች። ዝም ሲል ተመስገን አልኩ።»

«ልብስ ሰፊው ሲወጣ ኮቴ ሰምተው ነው እጅዎን እዚህ ለመታጠብ ሳይሞክሩ በሩን ዘግተው የወረዱት» አለች መርማሪዋ። ወደ ሊቀ መንበሩና ወደ ተቋራጩ ዞረች። «እናንተስ? እሳቸው ‹ውሃው ሲወርድ ሰማሁ› ሲሉ ውሸት መሆኑን እዚያው ቆማችሁ ታውቁ ነበር።»

ሊቀ መንበሩ ድምፃቸው ሲወጣ የሽማግሌ ሆኖ ነበር። «ለእኛ ብሎ የዋሸ መሰለን። ጉድለታችንን አይቶ የሸፈነልን። ደግ ሰው ነው አልን።»

«ይሄ ሰውዬስ?» ወደ ልብስ ሰፊው አመለከተች።

«ከምርጫው በኋላ… አንድ ነገር እናደርግለት ነበር።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አያቸው። አልተሳደበም። ቢሰድባቸው ለሊቀ መንበሩ ይሻላቸው ነበር።

ተቆጣጣሪው የቧንቧውን እጀታ እንደያዘ ነው። «ስንት ምክር ቤት ነው ያለብኝ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ወረቀቱ ይመጣል፣ እፈርማለሁ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ልገድላት አይደለም፣ ዝም እንድትል ነው የያዝኳት።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ።

ግቢው ውስጥ ሚስቲቱ ባሏን ስታይ አልጮኸችም፤ የስፌት መኪናዋን መጀመሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ነው ሮጣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው። ባሏ አጥብቆ ያዛት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና መርማሪዋን «ቤቱስ፣ እቴ?» አለቻት።

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምራ ስትፈራው ነበር። የተቆጣጣሪው ፊርማ ዋጋ ካጣ ቤቱ ብቁ አይደለም፤ ዛሬውኑ ይታሸጋል። ቁልፍ የሚቀበል የለም። «ይታሸጋል» አለች። «እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

ሚስቲቱ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና ብላ አየች። «ይታሸግ» አለች። «እሱን አልወሰዳችሁብኝም።» ባሏ መኪናዋን ትከሻው ላይ ጫነ።

አሻጊዎቹ ሰንሰለት ይዘው ሲመጡ መርማሪዋ ድንገት ቆመችና ደረጃውን ተመልሳ መውጣት ጀመረች።

«ምን ረሳሽ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ከኋላዋ።

«ቧንቧውን ክፍት ትተነዋል።»

«ምን ይፈሳል ብለሽ?»

«የመጣ ቀንስ?» አለች ሳትዞር። «እስከዚያ ከታች ባለው ቤት ሰው ይገባ ይሆናል።»

በመስኮቱ በኩል ባልና ሚስቱ ግቢውን ሲያቋርጡ ታዩዋት፤ ወንበር የጫነውን መኪና አሳልፈው ክፍል ፍለጋ ወደ መንገዱ ወጡ። እስኪሰወሩ አየቻቸው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ደረቁን ቧንቧ በሁለት እጇ አጥብቃ ዘጋችው።